ለጎጃም መንገድ የሚሆን ቀላል ተጣጣፊ ስኩተር

ተጣጣፊ የኤሌክትሪክ ስኩተር ልግዛ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይፈጥናል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይወስዳል?» ይላል። ክብደቱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ የመንገዱን ነገር የሚያነሳ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። እዚህ ጎጃም ውስጥ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ አንድ ስኩተር ዓመት ሳይሞላው ጥግ ይዞ አቧራ የሚለብሰው ፍጥነት አንሶት አይደለም። ወይ ደረጃ ላይ ለመሸከም ከብዶ ነው፣ ወይ ዳገት አሸንፎት ነው፣ ወይ ኮብልስቶን ብሎኑን አላልቶት ነው፣ ወይ ክረምት ባትሪውን ገድሎት ነው።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ከቤት እስከ ሥራ ያለውን መንገድ አንድ ጊዜ በእግር ሂዱበት። በባጃጅ ተሳፍሮ ማየት አይበቃም፤ ባጃጅ ላይ የተቀመጠ ሰው ዳገት አይታወቀውም። አስፋልቱ የት እንደሚያልቅ፣ ኮብልስቶኑ ስንት መቶ ሜትር እንደሆነ፣ ሲዘንብ ውኃ የሚተኛው የት እንደሆነ ልብ በሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በጣም የከፋውን ዳገት ለዩት። አራት ኪሎ ሜትር ለጥ ያለ አስፋልት ላይ የሚከንፍ ስኩተር መቶ ሜትር ዳገት ላይ ቀጥ ካለ፣ ያን ዳገት በየቀኑ እየገፋችሁ ነው የምትወጡት። ከዚያ ደግሞ የምትሸከሙበትን ቦታ ቁጠሩ፦ የቤት ደረጃ፣ የቢሮ ፎቅ፣ ባጃጅ ውስጥ ማስገባት፣ ጭቃ ያለበት የግቢ መግቢያ።

ባሕር ዳር ለዚህ ነገር የተመቸች ከተማ ናት። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጣና ዳር ለጥ ብላ የተዘረጋች፣ ጎዳናዋ ሰፊ፣ ሕዝቧም ከብስክሌት ጋር የኖረ ነው። ከግሽ ዓባይ ሰፈር ወደ ፔዳ ወይም ከቀበሌ 14 ወደ መሐል ከተማ ለሚመላለስ ሰው ባለ 250 ዋት ቀላል ስኩተር ይበቃዋል። ከዓባይ ማዶ የሚመጣም ቢሆን በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 380 ሜትር አዲስ ድልድይ ሞተር የሚያስጨንቅ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ግን ሌላ ናት። የጥንቷ መንቆረር ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ ወጣ ገባዋ ብዙ ነው፤ ሞጣና እንጅባራም ከፍታቸው ከእሷ አይርቅም። ባሕር ዳር ላይ የተሞገሰ ስኩተር ደብረ ማርቆስ ሄዶ ባለቤቱን ቢያሳፍር ጥፋቱ የስኩተሩ አይደለም።

የዳገቱን ነገር በቁጥር ማየት ይሻላል። ሰውየው 75 ኪሎ፣ ስኩተሩ 13፣ ቦርሳና ልብሱ 12 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 100 ኪሎ ነው። ይህን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 5 በመቶ ዳገት ለማውጣት ጎማው ላይ 270 ዋት ገደማ መድረስ አለበት። ዳገቱ 10 በመቶ ከሆነ፣ ማለትም በየአሥር ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ፣ ወደ 470 ዋት ይጠጋል። ሞተሩ 250 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ስኩተር ለጥቂት ጊዜ ከዚያ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ዳገቱ ሲረዝም ነው፤ ሞተሩና መቆጣጠሪያው (ለሞተሩ ኃይል የሚመጥነው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ይግላሉ፣ መቆጣጠሪያው ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ስኩተሩ በእግር ከሚሄድ ሰው ያነሰ ይጎተታል። ስለዚህ ሻጩን ሁለት ቁጥር ጠይቁት፦ ሞተሩ ያለማቋረጥ የሚሰጠውንና ለአፍታ የሚደርስበትን ከፍተኛውን። ማስታወቂያው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ በትልቁ ከተጻፈ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛው ነው።

ከፍታ ራሱ ግን የኤሌክትሪክ ሞተርን አይጎዳም። የቤንዚን ሞተር አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪኩ አየር አይተነፍስምና ባሕር ዳር ላይ ያለው ኃይል ደብረ ማርቆስም ላይ ያው ነው። ዳገት ላይ ቀስ የሚል ስኩተር ሲያጋጥም «ከፍታው ነው» የሚል ሻጭ ካለ አትስሙት። ምክንያቱ ሞተሩ ማነሱ ወይም ባትሪው መድከሙ ነው።

ወደ ባትሪው እንለፍ። ካርቶኑ ላይ «30 ኪሎ ሜትር» የሚለው ቁጥር የሚገኘው ቀለል ያለ ሰው፣ ሜዳ ላይ፣ በዝግታና ሳይቆም ሲነዳ ነው። እናንተ ማየት ያለባችሁ ዋት-ሰዓቱን ነው፤ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ አባዙት። 36 ቮልትና 7.8 አምፔር-ሰዓት ያለው ባትሪ 280 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ከተማ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 18 ዋት-ሰዓት ይበላል፤ 15ን ያዙ። ባትሪውን አሟጦ መጠቀም ስለማይበጀው ከአምስቱ አራቱን እጅ ብቻ ቁጠሩ። እናም «30 ኪሎ ሜትር» የተባለው ስኩተር በተግባር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወስዳችኋል ማለት ነው። በዚህ ላይ 100 ኪሎ ጭኖ በየመቶ ሜትሩ ከፍታ 36 ዋት-ሰዓት ያህል ይጨምራል፤ ሜዳ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚያስኬድ ኃይል ነው። ሲወርድ የሚመልሰው ከዚያ ትንሹን ብቻ ነው። ደግሞም ባትሪው ሲጎድል ቮልቱ ስለሚወርድ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል፤ ጠዋት ቀጥ አድርጎ ያወጣችሁ ዳገት ማታ ሲመለሱ ይከብደዋል። ቤታችሁ ከፍታ ላይ፣ ሥራችሁ ቆላ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስሉት።

አሁን ወደ ክብደቱ። 12.5 ኪሎ ማለት የሩብ ኩንታል ጤፍ ግማሽ ነው። አንድ ፎቅ በአንድ እጅ ይወጣል፤ ሦስት ፎቅ ግን እጅ መቀየር ይጠይቃል። ከ15 ኪሎ በላይ ያለውን በየቀኑ ደረጃ ላይ የሚሸከም ሰው ብዙም ሳይቆይ ታች ጥበቃው ዘንድ ማቆም ይጀምራል፤ ያኔ ተጣጣፊ የመሆኑ ጥቅም ያልቃል። ሱቅ ውስጥ አንስቶ መልሶ ማስቀመጥ ፈተና አይሆንም። አጥፋችሁ ይዛችሁ ሃምሳ እርምጃ ሂዱ፤ ሚዛኑ መሐሉ ላይ ካልሆነ 12 ኪሎውም እንደ 16 ይከብዳል፣ የፊት ጎማውም ጉልበታችሁን ይመታል።

ክብደት በነጻ አይቀንስም፤ የሚቀነሰው ከባትሪ፣ ከሞተር፣ ከጎማ ወይም ከማጠፊያው ብረት ነው። በሰፊው የታወቁትን ብናነጻጽር፣ የሻኦሚ ኤም365 ክብደቱ 12.5 ኪሎ፣ ባትሪው 280 ዋት-ሰዓት፣ ሞተሩ 250 ዋት ነው። የዚያው ድርጅት ፕሮ 2 ወደ 14.2 ኪሎ ይወጣል፤ ባትሪው 474 ዋት-ሰዓት፣ ሞተሩ 300 ዋት። ናይንቦት ማክስ ጂ30 ደግሞ 10 ኢንች ጎማ፣ 551 ዋት-ሰዓት ባትሪና 350 ዋት ሞተር ይዞ 19 ኪሎ ገደማ ነው። እኔ ለባሕር ዳር የመጀመሪያውን ዓይነት እመርጣለሁ። ለደብረ ማርቆስ ሁለተኛውን ዓይነት፤ ያም ዳገቱ ረጅም ካልሆነ። ሦስተኛው ግሩም መንገደኛ ነው፣ ግን ምድር ቤት ለሚኖርና ምድር ቤት ለሚሠራ ሰው። ቀላልም፣ ዳገት የሚያወጣም፣ ሩቅ የሚሄድም፣ ርካሽም ነው የሚላችሁ ሰው ከአራቱ አንዱን ደብቋችኋል።

የጎማ ምርጫ ላይ አቋሜ የጸና ነው፤ ኮብልስቶን ላለበት ከተማ አየር የሚሞላ ጎማ ግዙ። ድፍን ጎማ አይፈነዳም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ኮብልስቶን ላይ የድንጋዩን እያንዳንዱን ጠርዝ ወደ እጃችሁ፣ ወደ ባትሪው ብየዳና ወደ ማጠፊያው ብሎን ያስተላልፋል። እርጥብ አስፋልት ላይም ይንሸራተታል፤ ለሰኔና ለሐምሌ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስፕሪንግ ያለው ድፍን ጎማ መሐል ሰፋሪ ነው፤ ትልቁን ጉድጓድ ያለዝባል፣ የኮብልስቶኑን ማርገፍገፍ ግን አያጠፋም። መጠኑ 8.5 ኢንች የሆነው ጎማ ብዙ ዓይነት ስኩተር ስለሚጠቀምበት መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል። የብስክሌት ጎማ አይሆንለትም። ስለዚህ ስኩተሩን ስታዝዙ ሁለት የውስጥ ጎማና አንድ የላይ ጎማ አብራችሁ አዝዙ።

አየር ያለው ጎማ የሚበሳው በሚስማር ብቻ አይደለም። አብዛኛው የሚበሳው አየሩ ሲያንስ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ሲመታ የውስጡ ጎማ በቸርኬውና በድንጋዩ መሐል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ያወጣል። መድኃኒቱ ለ8.5 ኢንቹ ጎማ ከ45 እስከ 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ጠብቆ በየሳምንቱ መለካት ነው። አብዛኞቹ የመኪና ዓይነት ቫልቭ ስላላቸው ጎሚስታ ቤት ይሞላሉ፤ ሆኖም ሁለት ነገር አስታውሱ። ቫልቩ ቸርኬው ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ አጭር ማስረዘሚያ ቱቦ ኪሳችሁ ይኑር። ደግሞም ለጭነት መኪና የተሠራ ኮምፕሬሰር ይህን ትንሽ ጎማ በአፍታ ያፈነዳዋል፤ ጎሚስታውን «ቀስ፣ በጥቂት በጥቂቱ» በሉት፣ በየመሐሉም ይለካላችሁ።

መቀየር ሲያስፈልግ ጎማው ቸርኬው ላይ ግትር ብሎ ስለሚቀመጥ ብዙ ሰው በጠመንጃ መፍቻ ይታገለዋል፤ አዲሱን የውስጥ ጎማ ገና ሳይነዳ የሚበሳውም ያ መፍቻ ነው። እንዲህ አድርጉ። አየሩን ጨርሳችሁ አስወጡ። የሞተር ጎማ ከሆነ ገመዱ እንዳይጎተት አስቀድማችሁ ማያያዣውን ንቀሉ። የላይ ጎማውን ዙሪያውን በእጅ እየተጫናችሁ ወደ ቸርኬው መሐል ጎድጓዳ አስገቡት፤ እዚያ ሲገባ በሌላው ወገን ይላላል። በላላው በኩል ጫፉ ድቡልቡል በሆነ የብስክሌት ጎማ ማውጫ ቀስ እያላችሁ አውጡት። አዲሱን የላይ ጎማ ከመግጠም በፊት ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፉት ወይም ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ይለሰልሳል። የውስጡን ጎማ ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ብቻ ንፉት፣ ቫልቩን መጀመሪያ አስገቡ፣ የላይ ጎማውን የመጨረሻ ጠርዝ ቫልቩ አጠገብ ጨርሱ። ከመሙላታችሁ በፊት ዙሪያውን እየገለጣችሁ የተቆነጠጠ ነገር እንደሌለ እዩ።

አሁን ሕይወት ወደሚያሳጣው ክፍል፣ ወደ ማጠፊያው። ተጣጣፊ ስኩተር ላይ ሙሉ ክብደታችሁ የተደገፈው አንድ ማጠፊያ ላይ ነው። ትልልቆቹ አምራቾችም ከዚህ አላመለጡም፤ ሻኦሚ እ.ኤ.አ. በ2019 የማጠፊያው ብሎን ሊላላ ይችላል በሚል 10,257 ኤም365 ስኩተሮችን ለጥገና መልሷል። ኮብልስቶን ላይ በየቀኑ የሚርገፈገፍ ብሎን ደግሞ አስፋልት ላይ ካለው ይልቅ ቶሎ ይላላል። በየሳምንቱ እንዲህ ፈትሹ፦ ስኩተሩን ዘርጉት፣ የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበታችሁ መሐል ያዙ፣ አንድ እጃችሁን ማጠፊያው ላይ አሳርፉ፣ በሌላው መሪውን ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቁ። ጣታችሁ ሥር ትንሽ መንቀሳቀስ ከተሰማችሁ ማጠፊያው ላልቷል፤ ማስተካከያ ብሎኑን በጥቂቱ አጥብቁት። ማጠፊያው ጸጥ ብሎ ንቅንቅታው ከሥሩ፣ ከፊት ሹካው አናት ከመጣ ደግሞ የመሪው ኩሽኔታ ነው፤ እሱ የሚጠብቀው በሌላ ዳዶ ነውና ማጠፊያውን በከንቱ አታስጨንቁት። ብሎኑ በተደጋጋሚ የሚላላ ከሆነ አውጡትና ጥርሱን አጽዱ፣ አንድ ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ሙጫ አድርጋችሁ መልሱ። ቀዩ ሙጫ አይሁን፤ እሱ ሲያስፈልግ አይፈታም። ማጠፊያው ላይ ወይም ብየዳው ጠርዝ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካያችሁ ግን ማጥበቅም ማበየድም መፍትሔ አይደለም። ክፍሉ እስኪቀየር አትንዱት።

ስትገዙም ሁለት መቆለፊያ ያለውን ምረጡ፤ ዋናው ቢያመልጥ የሚይዝ ሁለተኛ ማረፊያ ወይም ቀለበት ያለው። ሲታጠፍ መሪው የኋላውን ፓራፋንጎ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ፓራፋንጎውን ደህና አድርጋችሁ እዩት፤ ስኩተሩ በመሪው ሲነሳ ክብደቱ እዚያች ፕላስቲክ ላይ ስለሚንጠለጠል በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል።

ፍሬን ላይ ብዙ አልቆይም። የኋላ ፓራፋንጎ በእግር በመርገጥ ብቻ የሚቆም ስኩተር ለቁልቁለት አይሆንም። ዲስክ ጥሩ ይይዛል፤ ጭቃ ሲበዛበት ግን ይጮሃል፣ ማስተካከልም ይፈልጋል። ከበሮ ፍሬን የታሸገ ስለሆነ ለዋልካ አፈርና ለክረምት እሱን እመርጣለሁ። ብዙዎቹ ስኩተሮች በተጨማሪ በሞተሩ ይፈርናሉ። ይህ ፍሬን የሚያመነጨውን ኃይል ወደ ባትሪው ነው የሚመልሰው፤ ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚያስቀምጥበት ስለሌለው ይዳከማል። ጠዋት ከቤት ወጥታችሁ ወዲያው ቁልቁለት የምትወርዱ ከሆነ ባትሪውን እስከ 90 በመቶ ብቻ ሙሉት።

ክረምት ላይ ሰው የሚታለለው በውኃ መከላከያ ደረጃው ነው። አይፒ54 ማለት አቧራንና ፍንጣቂን ይችላል ማለት ነው፤ ኩሬ ውስጥ መግባትን አይጨምርም። የባሕር ዳር ዝናብ ደግሞ ሲመጣ በፍንጣቂ የሚቆም አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ወንዝ ይሆናል። የእነዚህ ቀላል ስኩተሮች ሆድ ከመሬት ከ9 ሴንቲ ሜትር ብዙም ስለማይርቅ ጎማው ግማሽ ድረስ የገባበት ኩሬ ባትሪው ያለበት ወለል ላይ ደረሰ ማለት ነው። ውኃ የሚገባባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የቻርጅ መሰኪያው ላስቲክ ክዳን፣ የወለሉ የታችኛው ሽፋን ዙሪያና የስክሪኑ ሥር። ከዝናብ ስትገቡ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ እንደተዘረጋ አቁሙት፣ መሰኪያው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቻርጅ ላይ አታድርጉ። ጭቃ ለብሷል ብላችሁ ላቫጆ አትውሰዱት፤ በግፊት የሚመጣው ውኃ ዝናብ ያልገባበት ይገባል። ዋልካው በጎማውና በፓራፋንጎው መሐል ሲደርቅ በእንጨት አውጡት።

መብራት ነገርም አለ። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ከሆነ የመብራቱ መድከም አያስቸግረውም። የሚገድለው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ የቮልት መጨመር ነው። መብራት ሲጠፋ ከሶኬት ንቀሉት፤ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሱት። ባለ 280 ዋት-ሰዓት ባትሪ በ2 አምፔር ቻርጀር ከባዶ ለመሙላት አራት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ማታ ብቻ ከመጠበቅ ቢሮም ሲገኝ ትንሽ ትንሽ መሙላት ይሻላል፣ ባትሪውም ይወደዋል። ቻርጀሩ ከጠፋ ወይም ከተቃጠለ መሰኪያው ስለገጠመ ብቻ የሌላውን አትሰኩ። የ36 ቮልት ባትሪ ቻርጀር 42 ቮልት ነው የሚያወጣው፤ የ48ቱ ደግሞ 54.6። የኋለኛውን በፊተኛው ላይ መሰካት እሳት መጋበዝ ነው። ቻርጅ የምታደርጉበት ቦታም ከአልጋና ከመውጫ በር ራቅ ያለ ይሁን።

ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ፦ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን፣ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ዕቃ፣ አይፈቀድም። ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱም ከዚህ በላይ ናቸው። ለሚመጣ ዘመድ «ሻንጣህ ውስጥ አድርግልኝ» ማለት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ማስጣል ነው፤ በጭነት በኩል ይምጣ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ በየብስ።

ያገለገለ ስትገዙ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ እንዲጠብቃችሁ ለሻጩ ንገሩት፤ ከዚያ ዳገት ላይ ውሰዱት። ሜዳ ላይ ሁሉም ስኩተር ጥሩ ነው። ዳገት ላይ የባትሪው ምልክት ከሙሉ ወደ ግማሽ ዘሎ ወርዶ ሜዳ ላይ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ደክሟል። ዳገቱ መሐል ላይም አቁማችሁ እንደገና ለመነሳት ሞክሩ፤ ብዙዎቹ በእግር ካልተገፉ ሞተራቸው አይነሳም፣ ገደል በሚያህል ዳገት ላይ በአንድ እግር መግፋት ደግሞ ቀላል አይደለም።

መሪው ላይ የገበያ ዘንቢል አታንጠልጥሉ፤ መሪውን ያዞረዋል፣ ማጠፊያውንም ያስጨንቃል። ዕቃ በጀርባ ይያዝ። የነጠላና የጋቢ ጫፍ ከወገብ በታች አይውረድ፤ የኋላ ጎማው ከጎተተው የሚወድቀው ነጂው ነው። ሄልሜት ያለ ክርክር ይደረግ።

በሐምሌና በነሐሴ መንዳት የሚያቆም ሰው ባትሪውን ባዶ አድርጎ አያስቀምጥ። ባትሪው ቆሞም ቢሆን በጥቂቱ ይፈሳል፤ ሴሎቹ ከሚገባው በታች ከወረዱ የባትሪው የራሱ መቆጣጠሪያ ቻርጅ አልቀበልም ይላል፣ በመስከረም ቻርጀሩ ቢሰካ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ግማሽ ያህል ሙሉና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፣ በየወሩ እያያችሁ ከጎደለ ወደ ግማሽ መልሱት። ጎማው አየር ሳይኖረው በአንድ ጎኑ ተጭኖ እንዳይከርም ነፍታችሁት ይቀመጥ። ዝናቡ ሲያባራ ከመውጣታችሁ በፊት ማጠፊያውን ነቅንቁ፣ ፍሬኑን ግቢ ውስጥ ሞክሩ፣ የጎማውን አየር 50 ፒኤስአይ አድርሱ።